በሬ ያልረገጠው ደን

ደን በኮምፒዩተር መሣል ቀላል ነው። አረንጓዴ ቀለም መርጦ ጠርዙን በማውስ መክበብ፣ ከዚያ ማስቀመጥ ብቻ ነው። ጣና ዳር ያለውን ደን የሣልኩት እንዲሁ ነው፤ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ቁጭ ብዬ፣ ቬንትሌተሩ ፀጉሬን እያመሳቀለው። ጣናን በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር። ሄጄ፣ አይቼ፣ ተመልሼ ይህን ስጽፍ ያ ቬንትሌተር አሁንም ይሽከረከራል። እኔ ግን ደን ስሥል እጄ እንደ ድሮው አይፈጥንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሐይቁ ዳርቻ ያለውን የጥብቅ ደንና የፓርክ ወሰን የሚቀይር ደንብ እየተረቀቀ ነው። ከደንቡ ኋላ አባሪ አለ፤ አባሪው ላይ ከአንድ እስከ ሠላሳ አንድ የተቆጠሩ የወሰን ነጥቦችና እነሱን የሚያገናኝ መስመር አለ። ከመስመሩ ውስጥ ያለው «ጥብቅ ክልል» ይባላል። እዚያ ማንም ሰው ቅጠል አይቀነጥስም፣ ጭራሮ አይሰብርም። ከመስመሩ ውጭ ያለውን ግን ነዋሪው እንደ ልማዱ ይጠቀምበታል። የካርታውን ሥራ የወሰደው አዲስ አበባ ያለ ትንሽ ድርጅት ነው። እኔ ቀያሽ ነኝ፤ ከሰማይ የተነሣውን ፎቶና ከመንደሩ የተሰበሰበውን መጠይቅ ይልኩልኛል፣ መስመሩን እሥልላቸዋለሁ። ነጥቦቹን መሬት ላይ ወርዶ የሚያረጋግጠው ባልደረባችን ሚስቱ ልትወልድበት ሆነና «አንቺ ሂጂ» ተባልኩ። አምስት ቀን ተሰጠኝ። ዓርብ ዕለት አርቃቂው ኮሚቴ ባሕር ዳር ይሰበሰባል፤ የእኔን ማረጋገጫ ተቀብሎ ረቂቁን ወደ ምክር ቤት ይልካል። ከዚያ በኋላ መስመሩን አንድ እርምጃ ማንቀሳቀስ ሌላ ደንብ ይጠይቃል።

የሄድኩባትን መንደር «ሎሚ ጫፍ» እላታለሁ። እውነተኛ ስሟ ሌላ ነው፤ ረቂቁ ገና ስላልጸደቀ ሰዎቹን የሰው መነጋገሪያ ማድረግ አልፈለግኩም።

ሰኞ

ጎህ ሲቀድ ከድሬ ተነሣሁ። እህቴ አንድ ሳጥን ሙሸበክ፣ የድሬን ጣፋጭ፣ ሻንጣዬ ውስጥ ጠቅጥቃ «ለሚያስተናግዱሽ ሰዎች ነው፣ መንገድ ላይ እንዳትጨርሺው» አለችኝ። ታውቀኛለች። አዲስ አበባ አውሮፕላን ቀይሬ ረፋድ ላይ ባሕር ዳር ወረድኩ። ሐይቁን ከላይ ሳየው የተሰማኝን ልናገርና ሳቁብኝ፤ ብክነት መሰለኝ። የእኛ የደቻቱ ወንዝ በዓመት ጥቂት ቀን ነው ውሃ የሚያየው፣ የቀረውን ጊዜ አሸዋው ላይ ገበያ ይቆምበታል። ይህ ሁሉ ውሃ ምንም ሳይሠራ አንድ ላይ ተቀምጦ ማየት ከበደኝ።

ሆቴል ገብቼ ሻንጣውን ስከፍት የሰው ሸሚዝ፣ የሰው ካልሲና የሚታረም የፈተና ወረቀት ክምር አገኘሁ። ጥፋቱ የእኔው ነው፤ ጥቁር ሻንጣ ሁሉ የእኔ ይመስለኛል። ገና ግንባሬን ይዤ ሳለሁ ስልኬ ጠራ። ደዋዩ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ፣ ፔዳ ግቢ የሚያስተምር ሰው ነበር፣ ስልክ ቁጥሬን ከሻንጣዬ መለያ ላይ አንብቦ። «እህቴ፣ የእርስዎን ሻንጣ ይዣለሁ፤ የእኔን ደግሞ እርስዎ ሳይወስዱት አልቀሩም» አለኝ። በባጃጅ መጣ፣ ተለዋወጥን። ሊሄድ ከተነሣ በኋላ ግን አመነታና ተመልሶ ተቀመጠ።

«አንድ የምናዘዘው ነገር አለኝ» አለ። «ልብሴን ፍለጋ ስከፍተው ሳጥኑ ተከፈተ።»

«በራሱ?»

«በራሱ። ከዚያ ሦስት በላሁ።»

ስቆጥረው አምስት ጎድሏል። ቅጣቱ ምሳ መጋበዝ ነው አልኩትና ሐይቁ ዳር ካለ ምግብ ቤት ወሰደኝ። ዓሣው ከነራሱ ከነጅራቱ፣ ጎኑ ተተልትሎ፣ እንደ ብስኩት ተንኮሻኩሾ መጣ። እኛ ድሬ ዓሣን የምናውቀው በጣሳ ነው፤ እዚህ ግን አስተናጋጁ «ጠዋት የወጣ ነው» ብሎ እንደ ዘመድ አስተዋወቀን። ሰዎቹ ወበቁን ያማርራሉ። እኔ ጃኬት ለብሼ ነበር የተቀመጥኩት፤ መምህሩ ያመመኝ መስሎት ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ።

ማክሰኞ

ወደ ሎሚ ጫፍ የሚያደርሰኝ ባለ ጀልባ ያሲን ይባላል። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ሳቂታ ነው። ቤተሰቡ ባሕር ዳር ውስጥ ከአያቱ ጀምሮ ነጋዴ ነው፤ የሎሚ ጫፍን ጌሾ እየገዛ ለከተማው የሚያቀርበው እሱ ነው። ጌሾ ከሌለ ጠላም ጠጅም የለም፤ ያሲን ግን ሁለቱንም ቀምሶ አያውቅም።

«እኔ አልጠጣውም» አለኝ ሞተሩን እያስነሣ፣ «ግን ያለ እኔ ባሕር ዳር ላይ ሠርግ አይሞቅም።»

ዋና አልችልም። ይህን ስነግረው ሁለት የነፍስ አድን ጃኬት ደራርቦ አለበሰኝ፤ ያሲን እንዳለው ብወድቅ እንኳ እንደ ፊኛ እንሳፈፋለሁ እንጂ እንደ ሰው አልሰምጥም። ወላሂ እያልኩ ጨርቄን ጨብጬ ተቀመጥኩ። ሥራዬን በውሃው በኩል ካሉት ነጥቦች ልጀምር ብዬ ጂፒኤሱን ከፈትኩና ነጥብ ሰባት ወደሚለው ምራኝ አልኩት። እየሄድን፣ እየሄድን፣ መሣሪያው «ደርሰሻል» አለኝ። ዙሪያችንን ውሃ ነው።

ያሲን ሞተሩን አጠፋና ወደ ታች አየ። «የወሰን ድንጋዩ ከሥር ነው እንዴ የተቀበረ?»

ኋላ ገባኝ። ፎቶው የተነሣው ግንቦት ላይ፣ ሐይቁ ሸሽቶ መሬቱ ባዶ በወጣ ጊዜ ነው። እዚህ አገር ያንን መሬት «ባሕር ሸሽ» ይሉታል፤ ውሃው ሲሸሽ ይዘሩበታል፣ ክረምት ሲገባ ለሐይቁ ይመልሱለታል። አሁን ጥቅምት ነው፣ ሐይቁ ቤቱ ገብቷል። ነጥቡን ከጀልባው ላይ ልመዘግብ ስቆም፣ ከእኛ ትንሽ ራቅ ብሎ ድንጋይ የመሰለኝ ነገር ጆሮውን አርገበገበ። ጉማሬ ነው። ያሲን ምንም ሳይል ሞተሩን አስነሣ፤ እኔ ግን ብዙ አልኩ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም። ነጥብ ሰባት እስከ ዛሬ ድረስ «በአካል ያልተረጋገጠ» ነው።

ሎሚ ጫፍ ወደ ሐይቁ የገባች ጠባብ መሬት ናት፣ ከዳር እስከ ዳር ዛፍ። ወደቡ ላይ የቀበሌው ሰዎች አሳዳሪ ብለው የመደቡልኝ ሴት ቆማ ጠበቀችን። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ትባላለች፤ ሃምሳውን ያለፈች ቀጭን፣ እርምጃዋ ፈጣን። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ነው የምትኖረው፣ ልጆቿ ከተማ ናቸው። «እንኳን ደኅና መጡ፤ ደክሞዎታል፣ ቦርሳዎትን ይስጡኝ» አለችኝ። እኔን ነው እርስዎ የምትለው! ድሬዳዋ አንቱታ ብዙ አይገባም፤ ትልቁንም ትንሹንም አንተ አንቺ ብለን ነው የምንጨርሰው። «እትዬ፣ እባክሽ አንቺ በይኝ፣ ያለዚያ ሌላ ሰው የመጣ እየመሰለኝ ዞር እላለሁ» አልኳት። ሳቀችና «በይ ነይ እንግዲያ፣ የድሬዋ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ መንደሩ ሁሉ «የድሬዋ» ነው ያለኝ።

የቀረበልኝ የዳጉሳ እንጀራ ነበር፣ ጠቆር ያለ፤ በዓሣ ወጥ። የእህቴን ሙሸበክ አወጣሁላት። አንዷን ነክሳ ዓይኗን ጨፈነችና «ይኸን በልቶ ሥራ ይሠራል?» አለች። አይሠራም፤ ድሬዎች ከሰዓት በኋላ ለምን እንደምንተኛ ገባት። ደጅ ላይ የተከመረ ቅጠል አይቼ እኔም የአገሬን ነገር ያገኘሁ መስሎኝ ልቤ ዘለለ፤ ቀረብ ብዬ ሳሸተው ጌሾ ነው።

ረቡዕ

ጠዋት ከእትዬ ጥሩወርቅ ጋር መስመሩን ልንከተል ወጣን። እሷ መንገድ አሳያለሁ ብላ ነው፣ እኔ በመሣሪያው ተማምኜ ነበር። ደኑ ያስደነግጣል። ዛፎቹ ከላይ ተቃቅፈው ፀሐይ መሬት ላይ በቁራጭ በቁራጭ ነው የምትወድቀው። እኛ አገር ጥላ ማለት አንድ ዛፍ ነው፣ ከሥሩ ሃያ ሰው። ከሥር ያለውን ቁጥቋጦ ሁሉ ጫካ ብዬ እየረገጥኩ አለፍኩ። «ቀስ በይ፣ የድሬዋ» ትለኛለች፤ እንዳልወድቅ መስሎኝ ነበር።

ነጥብ አሥራ ዘጠኝ ላይ ስንደርስ ቆምኩና መዘገብኩ።

«ይኸ መስመር ምንድን ነው የሚለይ?» አለችኝ።

ነገርኳት። ከዚህ ወደ ሐይቁ ያለው ጥብቅ ክልል ይሆናል፣ ማንም አይነካውም፣ ክልክል ነው፤ ደኑ ይጠበቃል። በኩራት ነው ያልኩት፣ የራሴ መስመር ነዋ።

ጎንበስ አለች። ከዚያ እግሬ ሥር ያለውን ቁጥቋጦ በጣቷ እያሳየች «ይኸ ጌሾ ነው» አለች። «ይኸም ጌሾ ነው። ይኸ ቡና ነው፣ ባሌ የተከለው። ያ ሎሚ ነው። ያን ሰንሰል አየሽው? ከሰንሰሉ ወዲህ የእኔ ነው፣ ወዲያ የወይዘሮ አለም። የቆምሽበት ጓሮዬ ነው፤ የምኖርበት። ሌላ መሬት የለኝም።»

ሰንሰሉን ያን ጊዜ አየሁት። በሰልፍ የተተከለ፣ ወገብ የሚደርስ፣ ከዛፍ ዛፍ የሚሄድ አጥር ነው። አንዴ ካዩት በኋላ ደኑ ሁሉ በሰንሰል የተከፋፈለ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል ባለቤት አለው። ከሰማይ በተነሣው ፎቶ ላይ ግን ዛፉ ሁሉን ሸፍኖታል፣ እኔ ያየሁት አንድ ወጥ አረንጓዴ ነው። ደኑን ጥብቅ ያደረጉት ሰዎቹ እራሳቸው ነበሩ፤ ከጥላው ሥር ጌሾና ቡና እየተከሉ፣ ትልልቁን ዛፍ ሳይነኩ።

ፎቶውስ ዛፍ ሸፈነው፤ መጠይቁስ? ግልባጩን ከቦርሳዬ አወጣሁ። በሎሚ ጫፍ ቤቶች ሁሉ ትይዩ፣ «የእርሻ በሬ ብዛት» በሚለው ሥር ዜሮ። «ማረሻ» በሚለው ሥር ዜሮ። ከሥሩ መጠይቁን የሰበሰቡት ሰዎች «በመሬቱ የሚተዳደር ነዋሪ የለም» ብለው ደምድመዋል። ጎጃም ውስጥ በሬ የሌለው ገበሬ ማን ይገምታል? እኔም ይህን አምኜ ነው መስመሩን የሣልኩት።

«ለምን ዜሮ ተባለ?» አልኳት።

«በሬ የለማ!» አለች፣ እንደ ተሰደበ ሰው። «እዚህ በሬ አይገባም። ደብራችንን የመሠረቱት ጻድቅ ማረሻ እንዳይነካው ብለው ቃል አስገብተው ነው ይኸን መሬት የሰጡን። ሥጋ ስንፈልግ እንኳ ማዶ ታርዶ ነው የሚመጣልን። እኛ በእጃችን ነው የምንሠራ። መጠይቁ ሲመጣ የደብሩ መሪጌታ ነበሩ ስለ ሁላችን የመለሱ፤ አንድ በሬ አልረገጠውም ብለው በኩራት ነው የነገሯቸው። እኛም እልል አልን።»

እልል ብለው ነው መሬታቸውን ተጠቃሚ የለውም ብለው ያስመዘገቡት። ልስቅ አልኩና ፊቷን ሳይ ተውኩት። «እንግዲያ እኔ አለቅሁ» አለች ቀስ ብላ።

አፈርኩ። ከጉማሬው ይልቅ ይኼ አስፈራኝ። «እትዬ ጥሩወርቅ» አልኳት፣ «መስመሩን የሣልኩት እኔ ነኝ።»

ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ለጥቂት ጊዜ አየችኝ፣ ከላይ እስከ ታች። «በይ ነይ» አለች በመጨረሻ፣ «ምሳ ብዪ። ርቦሽ አትሰርዢውም።» ረቡዕ ስለሆነ የጾም ነው ብላ ሽሮና የሱፍ ፍትፍት አቀረበችልኝ፣ የራሷን ድርሻም ወደ እኔ እየገፋች። እኔ የሰው መሬት በማውስ ወስጄ፣ እሷ ታጎርሰኛለች።

ሐሙስ

መስመሩን ብቻዬን ልሰርዝ አልችልም። አዲስ አበባ ደወልኩ፤ የመጠይቁ ቃል ካልተቀየረ ኮሚቴው ካርታ አይቀይርም፣ ቃሉን የሚቀይረው ደግሞ የሰጠው ሰው እራሱ ነው አሉኝ። ስለዚህ ወደ መሪጌታ ሄድን።

መሪጌታ ልሳነወርቅ የደብሩ የዜማ መምህር ናቸው፤ ሰባውን ያለፉ፣ ነጭ ጥምጥም፣ ድምፃቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። እኔም በትልቅ አክብሮት ጎንበስ ብዬ «መሪጌታ፣ እንዴት ነህ?» አልኳቸው።

እትዬ ጥሩወርቅ ክንዴን እስኪያመኝ ቆነጠጠችኝ። መሪጌታ ግን ፈገግ አሉ። «ደኅና ነኝ ልጄ። እናቴ ካረፈች ወዲህ አንተ ያለኝ ሰው አልነበረም፤ እንኳን መጣሽ» አሉ። እኔ እስከ ጆሮዬ ቀላሁ፣ እሳቸው ደስ አላቸው።

ነገሩን ሁሉ አስረዳኋቸው። ዝርዝሩን በጥሞና ሰሙ፣ ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ምን በል ነው የምትይኝ? በሬ አለ ልበል?»

«አይደለም መሪጌታ። መሬቱን እንደምትጠቀሙበት ብቻ ይንገሩልኝ።»

«ጽሑፉ የጠየቀኝ በሬና ማረሻ ነው። የለም አልሁ። እውነት ነው ያልሁ። ነገ በስብሰባ መካከል ቆሜ ያን ቃል ላፈርስ ነው? ይኸን ደን ያቆመው ያ ቃል ነው። ማዶ ያሉት አረሱ፣ ዛፋቸው የት አለ?»

«ዜሮው ካልተነሣ እትዬ ጥሩወርቅ ጌሾዋን አትቀነጥስም። የእርስዎም ጓሮ ከውስጥ ነው።»

«አውቀዋለሁ» አሉ። «እመጣለሁ። ግን ከአፌ ሐሰት አይወጣም፣ ይኸን ዕወቂው።» ተነሥተው ገቡ። 

ከሰዓት በኋላ የምችለውን አደረግኩ። የመንደሩ ሴቶች ሁሉ ወጡ። እነሱ ሰንሰሉን እየመሩኝ፣ እኔ በየማዕዘኑ ቆሜ እየመዘገብኩ፣ ጓሮ በጓሮ ሄድን። አንዷ «ይህቺ ዋንዛ የአያቴ ናት» ትላለች፣ ሌላዋ «ኧረ ግማሿ የእኛ ናት» ትላለች፣ ዋንዛዋ ሥር ቆመው ይስማማሉ። በየጓሮው አንድ ነገር ያበሉኛል፤ ሎሚ፣ ዳቦ፣ ትርንጎ፣ እንደገና ዳቦ። ድሬ እንግዳ በሐላዋ ይያዛል፣ እዚህ በዳቦ። ማታ ካርታውን ከፍቼ ሳየው ያ አንድ ወጥ አረንጓዴ በትንንሽ ቁራጮች ተሞልቶ ነበር። ቆንጆ ካርታ ነው፤ ግን መጠይቁ ዜሮ እስካለ ድረስ ሥዕል ብቻ ነው።

ዓርብ

ያሲን ዓርብ ጀልባውን ለማንም አይሰጥም፣ ጁምዓ አለበት። ያን ቀን ግን መሪጌታን፣ እትዬ ጥሩወርቅን፣ እኔንና ሌሎቹን የመንደሩን ሰዎች ሊያሻግር ገና በማለዳ ወደቡ ላይ ቆሞ ነበር። «እስከ ስድስት ሰዓት አድርሼ እሄዳለሁ፤ ከሶላት በኋላ እዚያው ነኝ» አለን። እናቱ የላከችውን ሳምቡሳ የጾም መሆኑን ሦስት ጊዜ እየማለ አደለን። ምስር ነው፤ ከድሬው ቅመም ቢያንስም ጥሩ ነበር። መሪጌታ ከፊት ተቀምጠው ውሃውን ያያሉ። 

አዳራሹ ውስጥ አምስት የኮሚቴ አባላት ነበሩ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽር የሚፈልጉ ዓይነት ሰው ናቸው፤ ቅን ፊት አላቸው። ከጎናቸው ላፕቶፕ የያዘ ጸሐፊ አለ። ካርታዬን ዘርግቼ አስረዳሁ፤ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አገኙና መጠይቁን አነበቡ።

«ካርታሽ መልካም ነው። መጠይቁ ግን ሌላ ይላል። የእርሻ በሬ ዜሮ፣ ማረሻ ዜሮ፣ በመሬቱ የሚተዳደር የለም። ይህን ቃል የሰጡት እዚህ አሉ?»

መሪጌታ ተነሡ።

«መሪጌታ፣ በሎሚ ጫፍ በሬ አለ?»

«የለም።»

«ማረሻስ?»

«ከጻድቁ ዘመን ጀምሮ ገብቶ አያውቅም።»

«ታዲያ መጠይቁ ትክክል ነው ማለት ነው?»

«የተጻፈው ቁጥር ትክክል ነው» አሉ መሪጌታ፣ እንደ ቆሙ።

አለቀ አልኩ በልቤ። ሰብሳቢው ወረቀቱን ሊያልፉት ገለበጡ። ያን ጊዜ እትዬ ጥሩወርቅ እጅ ሳታወጣ፣ ፈቃድ ሳትጠይቅ፣ ከኋላ ተነሥታ እስከ ጠረጴዛው ድረስ ሄደች። ሁለት እጇን ካርታዬ ላይ አስቀመጠች። ጣቶቿ በጌሾ ጠቁረዋል፣ መዳፏ ተሰነጣጥቋል።

«በሬማ የለንም ጌታዬ» አለች። «በሬው እኔ ነኝ። በሬ ቁጠሩ ከተባላችሁ እኔን ቁጠሩኝ።»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ፣ እሷ ግን አልሳቀችም። ሰብሳቢውም አልሳቁም፤ እጆቿን ነበር የሚያዩት። መነጽራቸውን አወለቁ።

ጸሐፊው ተጨነቀ። «ጌታዬ፣ ይህ ሠንጠረዥ ከቁጥር ሌላ አይቀበልም። ስንት ልበል?»

«‘የእርሻ በሬ’ የሚለውን አጥፋው» አሉት ሰብሳቢው። «‘የሚሠራ እጅ’ በለው። እንዲያ ብለህ ከመጀመሪያው ቤት ጀምር።»

ጸሐፊው አጠፋ፣ ጻፈ፣ ቀና አለ። መሪጌታ እስካሁን አልተቀመጡም ነበር። የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ትከሻቸው መልሰው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። የዜማ መምህር እጅ ቢሆንም እንደ እሷ እጅ የጠቆረ ነው፤ ለካ እሳቸውም ጓሯቸውን እራሳቸው ናቸው የሚሠሩት።

«ልሳነወርቅ ብለህ ጻፍ» አሉ። «ማረሻ ያልጨበጠ እጅ። ሁለት።»

ከዚያ በኋላ ከኋላ ወንበር ያሉት ሁሉ እየተነሡ ተናገሩ። ጸሐፊው እየጻፈ ላቡን ጠረገ። ሰብሳቢው ነጥቦቹን አንድ በአንድ ከእኔ ጋር አዩ፤ ጓሮዎቹ ከጥብቁ ክልል ወጥተው፣ መስመሩ ሰንሰሉን ተከትሎ እንዲሄድ ፈረሙበት። ትልልቁ ዛፍ እንዳይቆረጥ የሚል አንድ ሐረግ ጨመሩ፤ የሎሚ ጫፍ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ማን ሊቆርጠው ነው ብለው ተገረሙ።

«የመጨረሻው ውሳኔ የምክር ቤቱ ነው» አሉ ሰብሳቢው። «እኛ ግን የምንልከው ይህንን ነው።»

«እስከዚያስ?» አለች እትዬ ጥሩወርቅ።

«እስከዚያማ እንደ ወትሮው ነው እሜቴ። ምንም የተለወጠ ነገር የለም፣ ደንቡ ገና ረቂቅ ነው።»

ምሳ ተዘጋጅቷል ተባለ። ሰው ሁሉ ወደ ምግቡ ሲዞር እሷ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ ወደ በሩ አመራች። ሮጬ ደረስኩባት።

«እትዬ፣ ምሳ አለ እኮ። የት ነው?»

«ጌሾዬ ዘንድ ነዋ» አለች፣ ሳትቆም። «ከረቡዕ ወዲህ አንዲት ቅጠል አልነካሁም። ክልክል ነው አላልሽኝም?»

ረቂቅ መሆኑን አልነገርኳትም ነበር። ምክር ቤት ያላጸደቀው፣ ማንም ያልፈረመበት መስመር ነው፤ እኔ ጫካ ውስጥ ቆሜ በአፌ ብቻ ያልኩትን ሁለት ቀን ሙሉ ጠብቃልኛለች። ይህች ሴት ናት ደኑን ትጎዳዋለች ተብሎ ጥብቅ ክልል የሚሠራባት። ቦርሳዬን አንሥቼ ተከተልኳት።

አውሮፕላኔ ቅዳሜ ነበር። ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ያሲን ከሶላት ሲመለስ ሁለታችንን አሻገረንና፣ እስኪመሽ ድረስ እትዬ ጥሩወርቅ ጓሮ ውስጥ ጌሾ ስቀነጥስ ዋልኩ። እሷ አንድ ዘንቢል ስትሞላ እኔ ግማሹን አልሞላሁም።